የሞተር ሳይክል ሰስፔንሽን ለውድድር ይቀየር? ከግዢ በፊት በድሬዳዋ መሬት ላይ የሚደረግ ምርመራ

ለአገር አቋራጭ ውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ሞተሩን እየገፋ ጋራዥ ሲገባ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግዢ ነው። «ፎርኩን በሌላ ልቀይረው? ከውጭ ሾክ ላስመጣ?» ይላል። ፎርክ የፊቱን ጎማ የሚይዙት ሁለት እግሮች፣ ሾክ ደግሞ የኋላው ምት ማብረጃ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ሰስፔንሽን ይባላሉ። ገንዘቡ በምን ያህል ድካም እንደተጠራቀመ ስለማውቅ ጥያቄው ያሳስበኛል። ሰስፔንሽን መቀየር የሚገባበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ያ ጊዜ መድረሱ ግን በሜትር ተለክቶና በመሬት ላይ ተፈትኖ መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከርካሹ ሥራ ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል፤ አንዱን ደረጃ ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ለሥራው የብረት ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ሞተሩን ከመሬት የሚያነሣ ክሪክ ወይም ጠንካራ የለስላሳ ሳጥን፣ እንዲሁም ሁለት ረዳቶች ያስፈልጋሉ።

መሬቱንና ሞተሩን መለየት

በድሬዳዋ ዙሪያ «አስቸጋሪ መሬት» ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። የደቻቱ ወንዝ ውኃ በማይወርድበት ጊዜ ሁሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የፊት ጎማ ይቀበርና መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይፈልጋል። ወደ ደንገጎ የሚያወጡት የእግር መንገዶች ልቅ ድንጋይና ሹል ደረጃ የሞላባቸው ናቸው፤ እዚያ ሞተሩ በዝግታ ቢሄድም ምቱ አያቋርጥም። በሽንሌ በኩል ያለው ሜዳ ደግሞ ፍጥነት ይፈቅዳል፤ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ግን ሳይታሰብ ከፊት ይደርሳል። ሦስቱም ከሰስፔንሽኑ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ስለዚህ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ውድድሩ የሚካሄድበትን መሬት፣ የሚፈጀውን ጊዜና በምን ሰዓት እንደሚነዳ ጻፉ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ዙርና በፀሐይ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ አንድ ዓይነት አሠራር አይጠይቁም።

ቀጥሎ ሞተሩን እወቁት። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የለመድናቸው እንደ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ያሉት ለሥራ የተሠሩ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል፤ የጎማቸው የመውጣትና የመውረድ ርቀት ግን አጭር ነው። ለውድድር የተሠሩት እንደ ያማሃ ዋይዜድ 250 ወይም የኬቲኤም ሞተሮች ከፊትም ከኋላም ወደ 300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርቀት አላቸው። በሥራ ሞተር ላይ የሚወጣ ገንዘብ ጣሪያው ቅርብ መሆኑን ከወዲሁ እወቁ፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ።

አንደኛ ደረጃ፦ ያለውን መጠገን

«ይሄ ሞተር አይረባም» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ያልተጠገኑ ናቸው። ዘይቱ ጠቁሮ ውኃ የመሰለ ፎርክ ይዞ ስለ አዲስ ፎርክ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

ከፎርኩ ጀምሩ። በብረቱ ላይ ዘይት ከታየ የዘይት ጎሚኒው አልቋል ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ። የእኛ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ በጎሚኒው ከንፈር ሥር ይገባና ዘይት ያሳልፋል። የአቧራ መከላከያውን ወደ ታች አውርዱ፤ ስስና ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም የድሮ የፎቶ ፊልም ቁራጭ በጎሚኒውና በብረቱ መካከል አስገብታችሁ ዙሪያውን አጽዱ። ብረቱን ጥረጉና ጥቂት ነድታችሁ ተመልከቱ። ማፍሰሱ ካልቆመ ጎሚኒውን ቀይሩ፤ ከመቀየራችሁ በፊት ግን ብረቱ በድንጋይ የተጫረበት ቦታ እንዳለ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጭረቱ ካልተስተካከለ አዲሱንም ጎሚኒ ይቆርጠዋል።

የፎርክ ዘይት በውድድር አነዳድ ከ20 እስከ 40 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፦ የሞተር ዘይት ለፎርክ አይሆንም። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የውፍረት ቁጥርም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሁለት «5» የተባሉ ዘይቶች እኩል ላይወፍሩ ይችላሉ። ሻጩን በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን የሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ቁጥር ጠይቁ፤ ትክክለኛው ማወዳደሪያ እርሱ ነው። የዘይቱ ከፍታ ሞላው (ስፕሪንጉ) ወጥቶ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች ይለካል፤ የሁለቱም እግሮች ልክ እኩል ይሁን። ዘይቱን በ5 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻ ፎርኩ ወደ መጨረሻው ሲወርድ የሚያሳየውን ጥንካሬ ይለውጣል። ፎርኩ ጠንካራ ቦይ ላይ መጨረሻው ድረስ ወርዶ የሚመታ ከሆነ መፍትሔው አንዳንዴ ከዚህ አያልፍም።

ከዚያ ወደ ኋላ እለፉ። ሞተሩን በሳጥን ላይ አቁማችሁ የኋላውን ጎማ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት። ሾኩ መንቀሳቀስ ሳይጀምር ክፍተት የምትሰሙ ከሆነ የሾኩ ማገናኛ ኩሽኔታ ወይም ፐርኖ (የሚይዘው ዘንግ) አልቋል። እነዚህ ኩሽኔታዎች ግሪስ ሳያዩ ዓመታት ያልፋሉ፤ ደቻቱን የሚሻገር ሞተር ደግሞ አሸዋና ውኃ ስለሚያስገባ ቶሎ ይደርቃሉ። የደረቀ ኩሽኔታ ያለው ሞተር ከኋላ «ይደርቃል»፣ ማለትም ምቱን አይውጥም፤ ነጂው ግን ጥፋቱን በሾኩ ላይ ያላክካል። የመሪውንም ኩሽኔታ በዚሁ መንገድ ፈትሹ።

ሾኩን ግን በማንኛውም ጋራዥ እንዲከፈት አትፍቀዱ። በውስጡ ብዙ ጊዜ 10 ባር ገደማ የሆነ ናይትሮጅን አለ። ግፊቱን ሳያወጡ የሚፈቱት ሰው ይጎዳል፤ መልሶ ለመሙላትም መሣሪያው ያስፈልጋል። ሾኩ ዘይት ካላፈሰሰ፣ ዘንጉም ካልተጣመመ ለጊዜው ተውት።

የጎማ ንፋስን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በድንጋይ ላይ ከ14 እስከ 16 ፒኤስአይ፣ በአሸዋ ላይ 12 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ለአስፋልት የተሞላ ጎማ በደንገጎ ድንጋይ ላይ እጅ ያደነዝዛል፤ የሚወቀሰው ግን ፎርኩ ነው። ንፋሱን በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ በጥላ ሥር ለኩ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመስመጥ ልክ

የውሳኔው ልብ ይህ ነው። ሰስፔንሽን ክብደት ሲያርፍበት በተወሰነ ልክ መስመጥ አለበት፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ የሚያገኘው በዚህ ነው። አለካኩ እንዲህ ነው።

ሞተሩን በሳጥን ላይ አንሡና የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲለቅ አድርጉ። ከኋላው ጎማ ፐርኖ መሐል ቀጥታ ወደ ላይ በፓራፋንጎው ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ፤ 600 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ሞተሩን ወደ መሬት አውርዳችሁ ጥቂት ናጥ ናጥ አድርጉት፤ ሰው ሳይቀመጥበት ያንኑ ርቀት ለኩ። 565 ከሆነ ሞተሩ በራሱ ክብደት 35 ሰምጧል ማለት ነው። አሁን ነጂው የውድድር ልብሱን ሁሉ ለብሶ ይቀመጥ፤ ሄልሜት፣ ቦት ጫማ፣ በጀርባ የሚያዘው ውኃ ሳይቀር። አንዱ ረዳት ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው ይለካ። 495 ካገኛችሁ ከነጂው ጋር ያለው መስመጥ 105 ነው።

ወደ 300 ሚሊ ሜትር ርቀት ላላቸው የውድድር ሞተሮች ከነጂው ጋር ከ100 እስከ 110፣ ያለ ነጂ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የተለመደ ልክ ነው። አጭር ርቀት ላላቸው የሥራ ሞተሮች ከነጂው ጋር ከጠቅላላው ርቀት አንድ ሦስተኛውን፣ ያለ ነጂ አንድ አሥረኛውን ያህል አስቡ። ከፊት ያለው መስመጥ ከነጂው ጋር ከርቀቱ ሩብ አካባቢ ቢሆን ደህና ነው፤ ፎርክ ሰበቃ ስላለበት ቁጥሩ እንደ ኋላው አይታመንም።

ከነጂው ጋር ያለው ልክ ካልደረሰ በሾኩ ላይ ያለውን የሞላ ማጥበቂያ ቀለበት በማላላት፣ ካለፈ ደግሞ በማጥበቅ አስተካክሉ። በትክክል 105 ላይ ካቆማችሁ በኋላ ያለ ነጂ ያለውን እንደገና ለኩ። እውነቱን የሚናገረው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው።

በውድድር ሞተር ላይ ያለ ነጂ ያለው መስመጥ ከ25 በታች ከሆነ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ለስላሳ ሞላ ከባድ ነጂን እንዲሸከም በቀለበቱ እጅግ ጠብቋል፤ ስለዚህ ነጂው ሲወርድ ሞተሩን እስከ ጫፍ ይገፋዋል። በተቃራኒው ያለ ነጂ ያለው መስመጥ ከ45 በላይ ከሆነ ሞላው ለእናንተ ጠንካራ ነው፤ ቀላል ነጂ እንዲያሰምጠው ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ላልቷል ማለት ነው።

ይህን የማብራራው ያለ ምክንያት አይደለም። የውድድር ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ሞላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ነጂ ታስቦ ነው የሚገጠመው። በውጭ አገር የሚሰጠው ምክር «ጠንካራ ሞላ ግዛ» የሚለው ነጂዎቹ ከዚያ በላይ ስለሚመዝኑ ነው። እኛ ዘንድ 58 ወይም 60 ኪሎ የሚመዝን ጎበዝ ነጂ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ወጣት የውጭውን ምክር ሰምቶ ጠንካራ ሞላ ቢያስገባ ሞተሩ በድንጋይ ላይ እንደ ጋሪ ያንገላታዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ለስላሳ ሞላ ነበር። ሜትሩ ከማንም ምክር በፊት ይህን ይነግራችኋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማስተካከያዎቹን በመሬት ላይ መፈተን

ሞተራችሁ የመጨመቂያና የመመለሻ ማስተካከያ ብሎን (ሰስፔንሽኑ የሚጨመቅበትንና የሚመለስበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር) ከሌለው ይህን ደረጃ በፍጥነት ማለፍ ትችላላችሁ፤ የሚቀራችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ ርቀቱን መመልከት ብቻ ነው። ካለው ግን እያንዳንዱን ብሎን ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ እስኪቆም አዙሩ፤ ስንት ጠቅታ እንደነበረ ቆጥራችሁ ጻፉና ወደ ነበረበት መልሱ። አታስጨንቁት፤ ጫፉ ስስ ነው።

የሚፈተንበትን አጭር ዙር ምረጡ፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አሸዋም ድንጋይም ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሩ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ነጂውንም ዘይቱንም ስለሚለውጥ ፍርዱ ይዛባል። በደቻቱ ውስጥ የምትፈትኑ ከሆነ ወደ ደጋው ተመልከቱ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሊደርስ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈበት ወንዝ ነው። በተራራው ላይ ደመና ካለ አሸዋው ውስጥ አትግቡ።

በፎርኩ ለስላሳ ብረት ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያውን ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ከዙሩ በኋላ የት እንደቆመ ለኩ። በዙሩ ከባድ የተባለው ምት ላይ ብቻ ወደ መጨረሻው ከተጠጋ መልካም ነው። በየጉድጓዱ መጨረሻውን የሚነካ ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ከጠቅላላው ርቀት ሲሶው ሳይነካ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ነው። ሁለተኛውን ሰዎች ችግር አይሉትም፤ የከፈሉበትን ርቀት ሳይጠቀሙ መቅረታቸው ግን ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ብሎን ብቻ፣ ሁለት ሁለት ጠቅታ ለውጡ። ምልክቶቹን እንዲህ አንብቡ። የኋላው ጎማ ከጉድጓድ ሲወጣ ነጂውን ወደ ፊት የሚወረውር ከሆነ መመለሻው ፈጥኗል፤ አዝግሙት። ተከታታይ ጉድጓድ ላይ የመጀመሪያው ደህና ሆኖ አራተኛውና አምስተኛው እየደረቀ የሚሄድ ከሆነ በተቃራኒው መመለሻው ዘግይቷል፤ ሰስፔንሽኑ ሳይዘረጋ ሌላ ምት እየደረሰበት ነው። በደንገጎ ዓይነት ድንጋይ ላይ እጅ የሚደነዝዝ ከሆነ መጨመቂያውን አላሉ። በአሸዋ ላይ ፊቱ የሚቀበር ከሆነ የፊቱን መጨመቂያ ጥቂት አጥብቁ፣ ወይም ከኋላ ያለውን መስመጥ ወደ 110 አስጠጉት። በፍጥነት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከኋላ ያለው መስመጥ ትንሽ መሆኑን፣ የመሪው ኩሽኔታም መላላቱን ፈትሹ።

ከድሬዳዋ ሐረር ወጥተው ለሚነዱ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በፎርኩ ውስጥ የታመቀው አየር ከፍታ ሲጨምርና ሲሞቅ ከውጭው አየር አንጻር ግፊቱ ይጨምራል፤ ፎርኩም ይደርቃል። ከላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለው ሐረር ከደረሳችሁ በኋላ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ ክፈቱና ዝጉት። ይህ ግን ተራ የብረት ሞላ ላላቸው ፎርኮች ነው። በሞላ ፈንታ በአየር የሚሠሩ የአንዳንድ አዳዲስ የውድድር ሞተሮች ፎርኮች ግፊታቸው በልዩ ፓምፕ ይለካል እንጂ እንዲሁ አይከፈትም፤ ለነጂው ክብደት የሚስተካከሉትም በዚያው ግፊት ስለሆነ ሞላ መግዛት አያስፈልጋቸውም።

አራተኛ ደረጃ፦ ሞላ

ጥገናው አልቆ፣ መስመጡ ተለክቶ፣ ቁጥሩ ሞላው አይመጥንም ካለ አሁን ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። ለአብዛኛው ነጂ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ግዢም ሞላ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ርካሽ ሆኖ ለውጡ የሚሰማ ስለሆነ። የአምራቹ መመሪያ ብዙ ጊዜ በ10 ኪሎ እየከፈለ የሞላውን ቁጥር ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከ65 እስከ 75፣ ከ75 እስከ 85። ክብደታችሁን ያለ ልብስም ከነሙሉ ልብሱም ተመዘኑ፤ ሰንጠረዡ የሚጠይቀው የትኛውን እንደሆነ አንብቡ። የፊቱንና የኋላውን አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ሞተር በመጠምዘዣ ላይ ሚዛኑ ይፋለሳል።

ለአሮጌ የሥራ ሞተር ፎርክ ከሞላው በላይ የሚገባ የአሉሚኒየም ቱቦ በቶርኖ ማስቆረጥ ይቻላል። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዘመን ያደጉ የቶርኖ ባለሙያዎች ያሏት ከተማ ናት፤ ልኩን በሚሊ ሜትር ከሰጣችኋቸው ሁለቱንም እኩል ያወጡታል። ይህ ግን የመስመጡን ልክ ብቻ ያስተካክላል እንጂ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም። ሞላውን ራሱን መቁረጥ ደግሞ ያጠነክረዋል፤ በኋላው ሾክ ላይ ግን ፈጽሞ አታድርጉት፤ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም።

አምስተኛ ደረጃ፦ የውስጡን ቫልቭ ማሠራት

ሞላው ትክክል ሆኖ፣ ብሎኖቹም እስከ ጫፋቸው ተሞክረው ምልክቱ ካልጠፋ፣ ለምሳሌ መጨመቂያው ሙሉ በሙሉ ላልቶ እንኳ በድንጋይ ላይ የሚያደርቅ ከሆነ፣ ችግሩ በቫልቩ (ዘይቱ በሚያልፍበት በር) ላይ የተደረደሩት ስስ የብረት ዝርግ ቀለበቶች ናቸው። እነርሱን መለወጥ የሠለጠነ እጅና የናይትሮጅን መሣሪያ ይጠይቃል። ሥራውን ለሚሠራው ሰው ደብተራችሁን ስጡት፤ ክብደታችሁን፣ የመስመጡን ቁጥሮች፣ ጠቅታዎቹን፣ መሬቱን። ባለሙያው እነዚህን ካልጠየቃችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ረጅም ውድድር ላይ ሾኩ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚንሳፈፍ ከሆነም ንገሩት፤ ዘይቱ በሙቀት እየቀጠነ ስለሆነ የዘይቱ ዓይነት ጭምር መታየት አለበት።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሙሉ ፎርክና ሾክ መግዛት

እንደ ኦሊንስ ያሉ ለብቻ የሚሸጡ ውድ ሾኮች መልካም ሥራ ናቸው፤ ነገር ግን የሚገባቸው የሞላውን ልክ የሚያውቅ፣ በየጊዜው የሚያሳድስ፣ ውድድሩን በሰከንዶች ልዩነት የሚያጣ ነጂ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጎሚኒውና ዘይቱ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚያድሰው ጠይቁ። ለእድሳት ወደ ውጭ መላክ ያለበት ሾክ በውድድር ዋዜማ ቢያፈስስ ሞተራችሁ ቆመ ማለት ነው።

ለሥራ ሞተር ደግሞ ፍርዴ ግልጽ ነው። በዲቲ ወይም በኤጂ ላይ ጥገናውን፣ ዘይቱንና ቢያስፈልግ ሞላውን አድርጉ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። የሌላ ሞተር ፎርክ ለመግጠም የሚወጣው ገንዘብ፣ የቶርኖው፣ የመሪው ኩሽኔታና የፍሬኑ ማስተካከያ ሲደመር ያገለገለ ግን ለውድድር የተሠራ ሞተር ለመግዛት ወደሚበቃው ይጠጋል፤ የተገጣጠመው ግን የኋላው ርቀት አጭር ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡን አቆዩ፤ እስከዚያው በያዛችሁት ሞተር ተለማመዱ።

አዲስ ሞላ ካስገባችሁ መስመጡን በዚያው ዕለት ለኩ፤ ከጥቂት ሰዓታት ጉዞ በኋላም እንደገና ለኩ፤ አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚለምድ ቀለበቱን ጥቂት ማጥበቅ ያስፈልግ ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ቁጥሮችና የጠቅታዎቹን ልክ በወረቀት ጻፉና በፕላስተር ለጥፋችሁ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡ።